በተከበበች ከተማ የተነበበ ግጥም

ግጥም ለሰው ምን ይጠቅመዋል የሚለው ጥያቄ ጥንታዊ ነው። መልሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጥያቄው ቀልሎ ይቀርባል። ግጥም ተስፋ ይሰጣል፣ መንፈስን ያረጋጋል፣ የቆሰለ ልብ ይጠግናል እንላለን፤ እንዲህ ብለንም እናልፋለን። እኔ ግን የግጥም ወዳጅ እንደመሆኔ መጠን ይህ አባባል ተፈትኖ ባየው እወዳለሁ። ጠግቦ ላደረና በሞቀ ቤት ለተቀመጠ ሰው ግጥም ማጽናኛ ቢሆን ብዙም አይደንቅም። ለተራበውስ? በብርድ ለሚንቀጠቀጠውስ? የቤተ ዘመዱን ሬሳ የሚቀብርበት አቅም አጥቶ አብሮት ለሚያድረውስ? ደግሞም በዘመናት የተፈተነ የሊቃውንት ቅኔ ሳይሆን ትናንት ማታ የተጻፈ፣ ቀለሙ ገና ያልደረቀ የዘመኑ ግጥም እንዲህ ላለው ሰው ምን ሊለው ይችላል?

ይህ ጥያቄ በእውነት የተፈተነባት አንዲት ከተማ አለች፤ ሌኒንግራድ፣ የዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ። ስሟ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደዚያች ከተማ ሄደው የተመለሱ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አልነበሩምና። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የናዚ ጀርመን ጦር ሌኒንግራድን በየብስ ከቀረው አገር ሙሉ በሙሉ የቆረጣት ሴፕቴምበር 8 ቀን 1941 ነበር። በዚያው ዕለት ባዳዬቭ ይባሉ የነበሩት የምግብ መጋዘኖች በአውሮፕላን ድብደባ ጋዩ። ከበባው ጃንዋሪ 27 ቀን 1944 እስኪያበቃ ድረስ 872 ቀናት ቆየ። በከተማይቱ ውስጥ የቀረው ሕዝብ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነበር። ከኖቬምበር 20 እስከ ዲሴምበር 25 ቀን 1941 ባለው ጊዜ ለቢሮ ሠራተኞች፣ ለልጆችና ሥራ ለሌላቸው ጥገኞች ይታደል የነበረው የዕለት ራሽን 125 ግራም ዳቦ ብቻ ነበር። የፋብሪካ ሠራተኛው 250 ግራም ያገኝ ነበር። ያም ቢሆን ንጹሕ ዳቦ አልነበረም፤ ሌላ ጊዜ ሰው የማይበላው ነገር ሁሉ ከዱቄቱ ጋር ይደባለቅ ነበር።

ያ ክረምት እጅግ ብርቱ ክረምት ሆነ። መብራት ጠፋ፤ ትራም በየመንገዱ ቆሞ ቀረ፤ የውኃ ቧንቧ ረጋ። ሰዎች የኔቫን ወንዝ በረዶ ሰብረው በባልዲ ውኃ ይቀዱ ነበር። ሙታናቸውንም በአንሶላ ጠቅልለው፣ ልጆች በበረዶ ላይ በሚጫወቱባት ትንሽ መንሸራተቻ ላይ አስረው ወደ መቃብር ይጎትቱ ነበር። ስለ ሟቾቹ ቁጥር የታሪክ ጸሐፊዎች አይስማሙም። በኑረምበርግ ችሎት የቀረበው አኃዝ ወደ 632,000 የሚጠጋ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች ግን ቁጥሩን ከ800,000 በላይ ያደርሱታል። አብዛኞቹ የሞቱት በረሃብ ነው።

በዚህች ከተማ ውስጥ፣ በየቤቱ ግድግዳ ላይ፣ አንድ ጥቁር ድምፅ ማጉያ ተሰቅሎ ነበር። በሽቦ ከዋናው የሬዲዮ ጣቢያ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሌላ ጣቢያ መምረጥ አይቻልም። የግል ሬዲዮዎች ጦርነቱ እንደተጀመረ ለመንግሥት እንዲመለሱ ተደርገው ነበር። ዝግጅት በማይኖርበት ሰዓት በድምፅ ማጉያው የሚሰማው የሜትሮኖም ምት ብቻ ነበር። ምቱ ዝግ ሲል ሰማዩ ሰላም ነው፤ ሲፈጥን የጠላት አውሮፕላን መጥቷል ማለት ነው። መብራት በሌለበት፣ ጋዜጣ በማይደርስበት፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ለመጠየቅ ደረጃ መውጣት ባቃተበት በዚያ ክረምት፣ ብዙ ሰው የሌላ ሰው ድምፅ የሚሰማው በዚህች ዕቃ በኩል ብቻ ነበር። ግጥምም የተነበበላቸው በእርሷው ነው።

ግጥሙን ከሚያነቡት ሰዎች መካከል ከሁሉ ይልቅ ስሟ የሚነሣው ኦልጋ በርጎልትስ ናት። በ1910 በዚያችው ከተማ ተወለደች። ከበባው ሲጀምር የ31 ዓመት ሴት ነበረች፤ በዚያ ዕድሜዋ ያየችው መከራ ግን ለብዙ ሰው ዕድሜ የሚበቃ ነበር። ሁለት ሴቶች ልጆቿ በሕፃንነታቸው ሞተውባታል። የመጀመሪያ ባሏ የነበረው ገጣሚው ቦሪስ ኮርኒሎቭ በ1938፣ በስታሊን የሽብር ዘመን ተረሽኗል። እርሷም ራሷ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ታስራ ነበር። ከእስር የተለቀቀችው በ1939 ጁላይ ላይ ሲሆን፣ በማኅፀኗ የነበረውን ልጅ ያጣችው በእስር ቤት ነው። የገዛ መንግሥቷ ጠላት ብሎ ያሰራት ይህች ሴት፣ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ የተከበበችው ከተማ ድምፅ ሆነች።

እንግዲህ ይህች ሴት በማይክሮፎኑ ፊት ስትቀመጥ ምን አለች? ድል ቅርብ ነው ማለት ይቻል ነበር፤ ይህን የሚሉ ሌሎች ብዙ ነበሩ። እርሷ የመረጠችው ግን ሌላ መንገድ ነው። በጃንዋሪ 1942 ሁለተኛ ባሏ ኒኮላይ ሞልቻኖቭ በረሃብ ሞተ። በዚያው ወርና በተከታዩ ወር «የፌብሩዋሪ ማስታወሻ» የተሰኘውን ረጅም ግጥሟን ጻፈች፤ በሬዲዮም አነበበችው። ግጥሙ የሚጀምረው በጦር ሜዳ አይደለም። የምትወደውን ሰው ቀብራ የመጣች አንዲት ሴትና ገጣሚዋ፣ ለነገ ያቆዩትን ዳቦ ተካፍለው፣ የሚባል ቃል አጥተው፣ በዝምታ አብረው ሲያነጉ ነው። አድማጮቹ የሰሙት ጨለማውን፣ ብርዱን፣ የሬሳ መንሸራተቻውን፣ ማለት የየራሳቸውን ቤት ነበር። ተስፋ በግጥሙ ውስጥ የሚመጣው ይህ ሁሉ ከተነገረ በኋላ ነው።

ይህን ሳነብ ትዝ የሚለኝ የአገራችን ለቅሶ ቤት ነው። ሙያዋን የምታውቅ አልቃሽ ሐዘንተኛዋን «ይረሳል፤ ያልፋል» ብላ አትጀምርም። የሟቹን ስም ትጠራለች። መልኩን፣ ሙያውን፣ ከቤት ሲወጣና ሲገባ የነበረውን ሁኔታ እያነሣች ሙሾ ታወርዳለች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ እንደ ድንጋይ ደርቃ የተቀመጠችው ሐዘንተኛ ያን ጊዜ እንባዋ ይወርዳል፤ ቆይታም «ወጣልኝ» ትላለች። የሞተው አልተመለሰም፤ የጎደለው አልሞላም። ነገር ግን ለብቻዋ የተሸከመችው ነገር በሌላ ሰው አንደበት ስሙ ተጠርቷል። «አይዞሽ» የሚለው ቃል ራሱ ከሩቅ ሲላክና አብሮ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ሲሉት አንድ አይደለም። የበርጎልትስ ግጥም አድማጩን ያረጋጋው አብሮ ቁጭ ስላለ ነው ብዬ አምናለሁ። ያነበበችው ሴት የምትበላው ያንኑ ዳቦ መሆኑን፣ ባሏንም ያንኑ ሰሞን መቅበሯን ሰሚው ያውቃል።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። በርጎልትስ በኋላ እንደጻፈችው፣ በጃንዋሪ 1942 የኤሌክትሪክ ኃይል ተዳክሞ በብዙ ሠፈሮች ሬዲዮው ዝም ባለ ጊዜ፣ ሰዎች በእግራቸው እያዘገሙ ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ሕንፃ ይመጡ ነበር። የመጡት ዳቦ ለመለመን አልነበረም፤ መቼ ነው የሚናገረው ብለው ለመጠየቅ ነው። ከመካከላቸው ከቫሲሊየቭስኪ ደሴት ድረስ በምርኩዝ የመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የሽማግሌው ነገር ባጭሩ፣ የዳቦው ጭማሪ ቢዘገይም እንታገሣለን፣ ሬዲዮው ግን ይናገር የሚል ነበር። 125 ግራም ዳቦ በልቶ ያን ያህል መንገድ በበረዶ ላይ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ራሱ ይገምት።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። የሩስያ ሥነ ጽሑፍ ባለጸጋ ነው፤ ፑሽኪንና ቶልስቶይ እያሉ ለምን የዘመኑ ግጥም አስፈለገ? በእርግጥ ሌኒንግራዳውያን ቶልስቶይንም አንብበዋል። የከተማይቱ ትልቁ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በከበባው ዘመን ሁሉ አልተዘጋም። ከከበባው የተረፈችው የሥነ ጽሑፍ ምሁር ሊዲያ ጊንዝበርግ እንደምትለው፣ በዚያን ጊዜ «ጦርነትና ሰላም»ን በጉጉት ያነቡ የነበሩ ሰዎች ቶልስቶይ ልክ መሆኑን አልተጠራጠሩም፤ የሚመዝኑት ራሳቸውን ነበር፤ እኔ የሚሰማኝ ስሜት ሰው ሊሰማው የሚገባ ነውን ብለው። እንግዲህ የጥንቱ መጽሐፍ መለኪያ ሆነላቸው። የዘመኑ ግጥም የሰጣቸው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ምስክር። ቶልስቶይ ስለ 1812 ሊነግራቸው ይችላል፤ ትናንት ማታ በዚህ ደረጃ ላይ ስለወደቀችው ጎረቤታቸው ግን ሊነግራቸው አይችልም። ሰው ሁለቱም ያስፈልገዋል። ሆኖም መከራው ገና ስም ባላገኘበት ሰዓት፣ አብሮ እየተራበ ስም የሚያወጣለት የዘመኑ ገጣሚ ብቻ ነው።

ይህ ነገር ምን ያህል ውድ እንደነበረ የሚታየው ሲከለከል ነው። በማርች 1942 በርጎልትስ በረሃብ ሰውነቷ አባብጦ ስለነበር ወዳጆቿ ወደ ሞስኮ ላኳት። በሞስኮ ምግብም ሙቀትም አገኘች። ነገር ግን ስለ ሌኒንግራድ ጀግንነት እንጂ ስለ ረሃቡ በሬዲዮ መናገር እንደማይፈቀድላት ተነገራት። ሐኪም የነበሩት አባቷም በዚያው ሰሞን በጀርመንኛ የቤተሰብ ስማቸው ሳቢያ ከሌኒንግራድ ወደ ሳይቤሪያ ተጋዙ። እርሷ ሞስኮ ልትቀር ትችል ነበር፤ አልቀረችም። በኤፕሪል ወደ ተከበበችው ከተማ ተመለሰች። ረሃብ የሌለበት፣ ግን ስለ ረሃብ የማይነገርበት ቦታ ለእርሷ የባሰ ነበር።

እውነትን መናገር ብቻውን እንዴት ማረጋጊያ እንደሚሆን ይበልጥ ግልጽ የሆነልኝ ከሌላዋ የሌኒንግራድ ገጣሚ ከአና አኽማቶቫ ታሪክ ነው። ሁለቱ ይተዋወቁ ነበር፤ በሴፕቴምበር 1941 አኽማቶቫ ለከተማይቱ ሴቶች በሬዲዮ ንግግር ስታደርግ ንግግሩን ከአፏ ተቀብላ የጻፈችው በርጎልትስ ናት። የምናገረው ነገር የተፈጸመው ግን ከጦርነቱ በፊት፣ በሽብሩ ዘመን ነው። የአኽማቶቫ ልጅ ሌቭ ታስሮ፣ እናቱ አሥራ ሰባት ወር በእስር ቤት ደጅ ተሰልፋለች። አኽማቶቫ «ሬኩዊዬም» ለተሰኘው የግጥም ሥራዋ በጻፈችው መግቢያ እንደምትተርከው፣ አንድ ቀን ከኋላዋ የቆመች ሴት፣ ስሟን ሰምታ የማታውቅ፣ ከንፈሯ በብርድ የጠቆረ፣ ይህን ልትጽፊው ትችያለሽን ብላ በጆሮዋ አንሾካሾከች። አኽማቶቫ እችላለሁ አለቻት። ያን ጊዜ ድሮ ፊት በነበረው በዚያ ገጽ ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር አለፈ።

ልብ በሉ፤ ግጥሙ ገና አልተነበበም። የሴትዮዋ ሰው አልተፈታም። የተሰጣት ተስፋ ቢኖር ይህ ነገር አንድ ቀን በትክክል ይነገራል የሚለው ብቻ ነው። ያም በቃት። ግጥሙ በተጻፈ ጊዜም በወረቀት ማስቀመጥ ለሞት የሚያበቃ ስለነበር በጥቂት ታማኝ ወዳጆች አእምሮ ተቀመጠ። ከእነርሱ አንዷ ባሏ የተረሸነባት ደራሲ ሊዲያ ቹኮቭስካያ ናት። እንደጻፈችው፣ አኽማቶቫ ግድግዳው ጆሮ እንዳለው ስለምታውቅ ጮክ ብላ ስለ ሻይና ስለ አየሩ እያወራች ብጫቂ ወረቀት ታቀብላት ነበር። ቹኮቭስካያ አንብባ በቃሏ ትይዛለች፤ ወረቀቱም በሲጋራ መተርኮሻ ላይ ይቃጠላል። «ሬኩዊዬም» በመጽሐፍ መልክ የታተመው በ1963 በሙኒክ ነው፤ በሶቪየት ኅብረት የታተመው ደግሞ በ1987፣ ገጣሚዋ ከሞተች ከ21 ዓመት በኋላ። በእኛ ትውፊት ቅኔን በቃል መያዝ የተማሪው ሙያ ነው። በዚያ አገር በዚያ ዘመን ግን በቃል መያዝ ሕይወትን ለአደጋ መስጠት ነበር፤ ያም ሆኖ ሴቶቹ ያዙት።

ለግጥም ከሚገባው በላይ መስጠት አልሻም። ግጥም ዳቦ አይሆንም። ሬዲዮው እየተናገረ በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል፤ የገጣሚዋም ባል ከእነርሱ አንዱ ነው። በሬዲዮ የተነበበውም ሁሉ የሳንሱር እጅ ያለፈበት ነበር፤ የመንግሥትንም ዓላማ አገልግሏል። በርጎልትስ በድብቅ ትጽፈው የነበረው የዕለት ማስታወሻ ሙሉ ለሙሉ ለአንባቢ መድረስ የጀመረው ከሶቪየት ኅብረት መፍረስ በኋላ ሲሆን፣ በግጥሞቿ ውስጥ ከምናገኘው የበለጠ የመረረ ነው። ግጥሟ እንግዲህ ሙሉውን እውነት አልተናገረም። የተናገረው ያህል እውነት ግን ከሌላ ከየትም የሚሰማ አልነበረም። ከጦርነቱም በኋላ ባለሥልጣናቱ ያንኑ እንኳ አልወደዱትም። በ1946 ያሳተመችው «ሌኒንግራድ ይናገራል» የተሰኘ መጽሐፏ ከቤተ መጻሕፍት እንዲወጣ ተደረገ፤ የከተማይቱ የከበባ ሙዚየምም በ1949 ተዘጋ። ሆኖም በ1960 ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ሙታን ያረፉበት የፒስካርዮቭ መካነ መቃብር መታሰቢያ ሲመረቅ፣ በድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ቃል የበርጎልትስ ሆነ። ከተማይቱ ምስክሯን አልረሳችም።

እነዚህን ግጥሞች ያነበብኋቸው በትርጉም ነው፤ ዜማቸው እንደጎደለብኝ አውቃለሁ። ያነበብኋቸውም ክፉ ወሬ በየሰዓቱ ከእጅ ስልክ በሚፈስበት፣ እንቅልፍ በራቀበት ሰሞን ነው። ወሬውን በተከታተልሁ ቁጥር ፍርሃቴ እየጨመረ፣ የማውቀው ነገር ግን እየቀነሰ ይሄድ ነበር። አንድ ግጥም ቀስ ብሎ፣ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ትንፋሽን ያዘገያል፤ ይህ ማንም ሊሞክረው የሚችል ነገር ነው። ከዚያ የሚበልጠው ግን ግጥሙ ነገሩን አንድ በአንድ ማንሣቱ ነው። ወሬ ስለ ሺዎች ይነግረናል፤ ግጥም ስለ ሁለት ሴቶችና ስለተካፈሉት ዳቦ ይነግረናል። ሺዎችን ማሰብ ያደነዝዛል። ሁለቱን ሴቶች ማሰብ ግን ያሳዝናል፤ ማዘን የሚችል ሰው ደግሞ ተነሥቶ የጎረቤቱን ደጅ ማንኳኳት ይችላል። ለእኔ መረጋጋት ማለት ይህ ነው፤ ነገሩን መርሳት ሳይሆን ሳይደነዝዙ ማየት መቻል።

ስለዚህ ተስፋ ፍለጋ ወደ ግጥም የምንሄድ ሁሉ ምን እንደምንፈልግ ብናስተውል መልካም ነው። ሁሉ ነገር ደኅና ይሆናል የሚል ግጥም በየቦታው አለ፤ አንብበነው ገጹን ሳንገልጥ ይረሳል። እኛ የምንኖርበትን ቀን እየኖረ፣ እኛ የምንፈራውን እየፈራ፣ ያየውን በትክክል የሚናገር ገጣሚ ግን በየትኛውም ዘመን ጥቂት ነው። በአማርኛም ዛሬ የሚጽፉ እንዲህ ያሉ ገጣምያን አሉን። መጻሕፍታቸው በጥቂት ቅጂ ታትመው፣ ጥቂት ሰው ገዝቷቸው፣ ገና ምሁራን ሳይተነትኗቸው በመጽሐፍ ሻጭ እጅ ላይ ይገኛሉ። ዘመን እስኪፈርድላቸው አንጠብቅ፤ የዘመን ፍርድ ሲመጣ እኛ አንኖርም። ከሌኒንግራድ አድማጮች አንዱም ይህች ገጣሚ ከፑሽኪን ጎን ትቆም ይሆን ብሎ አልጠየቀም። የጠየቁት ድምፁ መቼ ይቀጥላል ብለው ነው።